«ለማስታወሻ ይሁን» ብቻ አይበቃም
የሕፃን አልበም እንዴት ይዘጋጃል?

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ ከመቀጠልዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ከሣጥን ሥር ወይም ከመጽሐፍ መካከል የተቀመጠ አንድ የልጅነት ፎቶግራፍ ያለዎት እንደ ሆነ ያውጡትና ጀርባውን ገልብጠው ይመልከቱት። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ጽሑፍ ይህ ነው፦ «ለማስታወሻ ይሁን»። ማን እንደ ተነሣ፣ የት እንደ ተነሣ፣ በየትኛው ቀንና ዓመት እንደ ተነሣ ግን አይናገርም። ማስታወሻ ተባለ እንጂ የሚታወሰው ነገር አልተጻፈበትም ማለት ነው።

የእኔም እንዲሁ ነው። ከሕፃንነቴ የቀረችኝ አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ብቻ ናት። እናቴ አቅፋኝ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላችን የፎቶግራፍ ቤቱ መጋረጃ ተዘርግቷል፤ እኔም ጣቴን ጎርሻለሁ። የተነሣነው የት ነው ብዬ ብጠይቅ እናቴ «ደሴ ነው» ትላለች፤ አክስቴ ግን «የለም፣ ወልድያ ነው» ብላ ትከራከራለች። በመጀመሪያው የሥራ ማመልከቻዬ ላይ «የትውልድ ዘመን» ከሚለው መስመር በደረስሁ ጊዜ ወደ ሰቆጣ ደውዬ እናቴን ጠየቅኋት። «የአስተርዮ ማርያም ማግስት ነው፤ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ» አለችኝ። ቀኑንና ሰዓቱን እንደዚህ አድርጋ ከያዘች በኋላ ዓመቱን ስጠይቃት ግን ዝም አለች። ቈይታም፣ «ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ነው ልጄ፤ ድርቁ ሲገባ አንተ ዳዴ ትል ነበር» አለች። እኔም አሰላሁና 1976 ብዬ ጻፍሁ። እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ግምት እኖራለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ሕፃን አልበም አሠራርና አጊያጌጥ ልነግርዎ ስነሣ ከጌጡ በፊት ቀኑን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎ ተማሪም ቢሆኑ፣ ገና ደመወዝ መቀበል የጀመሩ የመንግሥት ሠራተኛም ቢሆኑ፣ የራስዎ ልጅ ባይኖርዎ እንኳ የእኅትዎ ወይም የወንድምዎ ልጅ አይታጣም። በቤቱ ውስጥ ብዕር የለመደው እርስዎ ከሆኑ የሕፃኑን መዝገብ የመያዙ ሥራ የእርስዎ ነው።

ቀን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

በዋግ ኽምራ ደጋም ሆነ በተከዜ ዳር ቆላ የልጅ ልደት ሲነገር የኖረው በበዓል፣ በአዝመራና በታላላቅ ነገሮች ነው። «ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው»፣ «ገብስ ሲታጨድ»፣ «ድርቁ በገባ በዓመቱ» ይባላል። ይህ የአነጋገር ውበት አለው፤ ልጁ ሲታመም ወይም ትምህርት ቤት ሲገባ ግን አይበቃም።

የሰቆጣ ስም ዛሬ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ በኢትዮጵያ ሁሉ የሚጠራው ስለ ሕፃናት ነው። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 ከመቶ የሚሆኑት ቀንጭረው ሲገኙ በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 ከመቶ ነበር።

እንግዲህ መቀንጨር የሚታወቀው በዐይን አይደለም፤ የልጁን ቁመት ከዕድሜው ጋር በማስተያየት ነው። ምሳሌ ልስጥዎ። ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ወንድ ልጅ ቢኖር፣ ዕድሜው 15 ወር ከሆነ ደኅና አድጓል፤ 24 ወር ከሆነ ግን ቀንጭሯል። ልጁ ያው አንድ ልጅ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የተወለደበት ቀን ብቻ ነው። እናቲቱ ቀኑን ካላወቀች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዓላትንና የአዝመራ ወራትን እየጠራች ለመገመት ትገደዳለች፤ ግምቱ በጥቂት ወራት ቢሳሳት ርዳታ የሚያሻው ልጅ «ደኅና ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። በአልበም ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ይህን ያህል ዋጋ አለው።

ደግሞም የመንግሥቱ መዝገብ አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 የወጣ ሲሆን ሥራው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከላይ ያነሣሁት ጥናት ሲደረግ ልደታቸው የተመዘገበ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በአዋጁ መሠረት ልደት በተፈጸመ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አልበም የልደት የምስክር ወረቀትን አይተካም፤ ነገር ግን ቀኑን በወቅቱ ጽፎ የያዘ ቤተሰብ ወደ ቀበሌ ሲሄድ አይደናገርም።

ምን ዐይነት ደብተር ይገዛል?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በገበያ ላይ ብዙ ዐይነት አልበም ይታያል። ሽፋኑ የሚያብረቀርቀው ሁሉ መልካም አይደለም። በተለይ ገጹ ሙጫ ተቀብቶ በላዩ ላስቲክ የሚለብሰውን አልበም አይግዙ። ፎቶግራፉን ለመለጠፍ ቀላል ነው፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሙጫው ወደ ቢጫነት ይለወጣል፣ ሥዕሉንም ይይዘዋል፤ ለማውጣት ቢሞክሩ ይቀደዳል። ሲከፈት ኀይለኛ የላስቲክ ሽታ የሚሸተውንም ይተዉት።

የሚሻለው ወፍራም ነጭ ወረቀት ያለው፣ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ተራ የሥዕል ደብተር ነው። መጠኑም በከረጢት የሚገባ ይሁን፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ። ፎቶግራፍ ለሚለጠፍባቸው ገጾች በየመካከሉ አንድ አንድ ቅጠል ከጥርዙ አጠገብ ቆርጠው ቢያወጡ ደብተሩ ሲሞላ አያብጥም።

ፎቶግራፉን በኮላ ወይም በፕላስተር አይለጥፉ። የዱቄት ሙጫም ነፍሳትን ይጠራል። ዘዴው ማዕዘን መሥራት ነው። ከንጹሕ ወረቀት ስፋቱ 2፣ ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይውሰዱ፤ ሁለቱን ጫፎች ወደ መካከል አጥፈው እንደ ጎጆ ጣሪያ ባለ ሦስት ማዕዘን ያድርጉት። እንደዚህ ያለ አራት ይሥሩና የፎቶግራፉን አራት ጫፎች ያስገቡባቸው። ኮላ የሚቀባው የወረቀቱ ጀርባ ብቻ ነው፤ ሥዕሉን አይነካውም። ሲፈልጉ ያወጡታል፣ ያስገለብጡታል፣ መልሰው ያስገቡታል።

ጌጡ ከሩቅ አይመጣም

ብዙዎች የሕፃን አልበም ሲያጌጡ ከውጭ አገር የመጣ የድብና የጥንቸል ሥዕል ይለጥፋሉ። ነውር የለበትም፤ ነገር ግን የዋግ ልጅ ጌጥ ከደጁ ሳለ ስለ ምን ከሩቅ ይለመንለታል?

የአገራችን ጸሐፊዎች የብራና መጽሐፍ ሲጽፉ ከምዕራፉ በላይ ሐረግ ይስላሉ። ሐረግ ማለት እርስ በርሱ የሚጠላለፍ፣ በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም የሚሞላ የመስመር ጌጥ ነው። እርስዎም ይህን ለመሥራት ሠዓሊ መሆን አያሻዎትም። በገጹ አናት ላይ በማስመሪያ ሁለት ጣት ያህል የተራራቁ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች በእርሳስ ያስምሩ። በሁለቱም ላይ በእኩል ርቀት ነጥብ ያድርጉ። ከዚያም አንዱን ክር ከላይኛው ነጥብ ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ላይኛው እያጎበጡ ይሳሉት፤ ሁለተኛውን ክር በተቃራኒው ይሂዱበት። በሚገናኙበት ቦታ አንድ ጊዜ አንዱን፣ በሚቀጥለው ሌላውን በላጲስ ቢያጠፉ ክሮቹ እንደ ሹሩባ ከላይና ከታች የተጠላለፉ ይመስላሉ። የቀረው ቀለም መሙላት ነው።

ከብራና ጸሐፊዎች የሚወሰደው ትምህርት ግን ከሥዕሉ ይበልጣል። ጸሐፊው ብራናውን አስቀድሞ በወስፌ ነጥቦ ያሰምራል፤ ጽሑፉ የሚያርፍበት ቦታ ሳይታወቅ ጌጥ አይጀመርም። ሐረጉም ከአናት ይቀመጣል፤ ጽሑፉን ለማክበር እንጂ ለመሸፈን አይደለም። ቀይ ቀለምም ለከበረ ስም ይጠበቃል። እርስዎም በመጀመሪያው ገጽ የሕፃኑን ስም ብቻ በቀይ ይጻፉት፤ ሌላው ሁሉ በጥቁር ይሁን። ስሙ ያን ጊዜ ብቻውን ያበራል።

ሌላም ነገር አለ። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ባሉ ወንጌሎች ባዶ ገጾች ላይ የርስት ስጦታና የውል ቃል ከነምስክሮቹ ተጽፎ ይገኛል። አባቶቻችን ሊጠፋ የማይገባውን ነገር የሚጽፉት ሰው በክብር በሚጠብቀው መጽሐፍ ላይ ነበር። ያማረ አልበም የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያማረውን ማንም ለማንደጃ አይሰጠውም።

ከሐረጉ ሌላ የቀሚስ ጥለት፣ የሰፌድና የሙዳይ ስፌት ንድፍ ሁሉ በገጽ ዳር ሊሳል ይችላል። እነዚህ ጌጦች ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ቤት ይስማማሉ። ሕፃኑ መጀመሪያ የታቀፈበት ነጠላ ሲያረጅ ከጥለቱ አንድ ጣት ያህል ቆርጠው በገጹ ላይ በመርፌና በክር ቢሰፉት ከማንኛውም የታተመ ሥዕል ይበልጣል።

ገጾቹ በተራ

የመጀመሪያው ገጽ የልደት ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ክብደትና ቁመት፣ ያዋለደችው ማን እንደ ሆነች ይጻፍ። ዓመቱን በእኛም በአውሮፓም አቈጣጠር ያድርጉት፤ በኋላ ሌላ ሰው ሲመልሰው በጳጉሜን ወይም በመስከረም መግቢያ ይሳሳታልና። ሰዓቱንም «ሌሊት 9 ሰዓት» ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ «9 ሰዓት» ብቻ ያሉት እንደ ሆነ ከጊዜ በኋላ ቀን ይሁን ሌሊት የሚያውቅ አይኖርም።

ሁለተኛው የስም ገጽ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው፣ ለምን እንደዚያ እንደ ተባለ፣ አያት በቁልምጫ ምን ብላ እንደምትጠራው ይጻፍ። ሦስተኛው የዘር ገጽ ነው። በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቍጠሩ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቁ ይህን ገጽ ማንም ሊሞላው አይችልም።

አራተኛው ወንድ ከሆነ የአርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች የሰማኒያ ቀን ክርስትና ገጽ ነው፤ የክርስትና ስምና የክርስትና አባት ወይም እናት ስም ይጻፍበታል። በሙስሊም ቤት የዓቂቃው ዕለት በዚሁ ቦታ ይገባል። አንዳንድ እናቶች ሕፃኑ ዐይን እንዳይገባበት ፎቶግራፍ እንዲነሣ አይፈቅዱም። እናቲቱን አያስጨንቋት። የፎቶግራፉን ቦታ ባዶ ይተዉና ጽሑፉን ይጻፉ፤ የእጁን ቅርጽ ደግሞ በኋላ በእርሳስ ዙሪያውን ያነሡለታል።

አምስተኛው የጤና ገጽ ነው። ክትባት በልደት፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ9ኛውና በ15ኛው ወር ይሰጣል። ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምግብ የሚጀምረው ስድስት ወር ሲሞላው ነው፤ የመጀመሪያው ገንፎ የቀመሰበት ቀንም ይጻፍ።

ከዚህ በኋላ ሃያ አራት የወር ገጾች ይከተላሉ። ሕፃን የዕድገቱን መሠረት የሚጥለው ከጽንሱ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደቱ ባሉት 1000 ቀናት ስለ ሆነ ወራቱን አንድ በአንድ መከተል ይገባል። በጤና ኬላው የተመዘገበውን ክብደትና ቁመት ይገልብጡ። ሲወለድ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር የነበረው ልጅ በዓመቱ ወደ 75፣ በሁለት ዓመቱ ወደ 87 ሳንቲ ሜትር መድረሱ የደኅና ዕድገት ምልክት ነው። ክብደቱ ወር ተከትሎ ወር ካልጨመረ ገጹን ይዘው ወደ ጤና ኬላ ይሂዱ።

ፎቶግራፉን በየጊዜው በአንድ ቦታ ያንሡ፤ በአንዱ በርጩማ ወይም በአንዱ ሞሰብ አጠገብ ይሁን። በርጩማው አያድግምና ልጁ ምን ያህል እንዳደገ እሱ ይመሰክራል። የደጋው ፀሐይ በቀትር ፊትን በጥላ ስለሚከፍል ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ወይም ከበር ሥር ባለ ጥላ ውስጥ ማንሣት ይሻላል። ከበስተኋላ የቤታችሁ አጥር፣ የሰቆጣ ገበያ፣ ወይም ከዓለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቢታይ ልጁ ሲያድግ አገሩን ጭምር ያገኛል።

በመጨረሻም «ወፌ ቆመች» የተባለበት ቀን፣ የመጀመሪያው ጥርስ፣ የመጀመሪያው ፀጕር መላጨትና የመጀመሪያው ቃል የየራሳቸው ገጽ ይኑራቸው። ልጁ አፉን የፈታው በኽምጣንጋ ከሆነ ቃሉን ሳይተረጕሙ እንደ ተናገረው በፊደል ይጻፉት። ትርጕሙ ከሥር ይከተላል።

ከፎቶግራፉ ሥር ምን ይጻፋል?

«ቆንጆው ልጃችን» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ቆንጆነቱን ፎቶግራፉ ራሱ ይናገራል። ፎቶግራፉ ሊናገረው የማይችለውን ይጻፉ፦ ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ አብረውት ያሉት ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ያነሣው ሰው።

ለዚህ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በዚያው በ1868 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት ላይ አነሣችው። ልጁ ዕድሜው ሳይገፋ በ1879 በባዕድ አገር ሞተ። ነገር ግን ማን እንደ ሆነ፣ ማን እንዳነሣው፣ የትና መቼ እንደ ሆነ በጽሑፍ ስለ ቀረ ዛሬም ያን ያዘነ ፊት ስናይ በስሙ እንጠራዋለን። ስማቸው ያልተጻፈላቸው በዚያ ዘመን የተነሡ ሌሎች ሕፃናት ግን «አንድ የሐበሻ ልጅ» ከመባል አላለፉም።

በእስክርቢቶ በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ተጭኖ መጻፍ ፊቱን ያጎብጠዋል። ስለዚህ በአልበሙ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ ጀርባው ላይ መጻፍ ካሻዎት በለስላሳ እርሳስ ዳር ዳሩን ብቻ ያድርጉት።

በስልክ ያለው ሁሉ የተቀመጠ አይደለም

«ፎቶግራፍማ በስልኬ ሞልቷል» ይሉኝ ይሆናል። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ይለወጣል። ከሺህ ፎቶግራፍ መካከል በዓመት ስድስት ወይም ስምንት መርጠው በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ያሳጥቡ። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለአልበሙ፣ ሁለተኛው ሌላ ቤት ላለችው አያት።

ይህን የምለው በከንቱ ሥጋት አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከዋግ ኽምራ ወረዳዎች ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰድዷል። ልጅ አዝሎ የሚሸሽ ሰው ሣጥን አይሸከምም። አልበሙ በከረጢት የሚገባ ይሁን ያልሁዎት ስለዚህ ነው። ከልደት የምስክር ወረቀቱና ከክትባቱ ካርድ ጋር በአንድ ከረጢት ተደርጎ፣ ከጭስና ከጣራ ፍሳሽ ርቆ፣ ሁሉም የቤት ሰው በሚያውቀው ቦታ ይሰቀል። በችኰላ ጊዜ አንድ እጅ ብቻ ይበቃዋል።

ለማይታወቀው ቀንስ?

ምናልባት አሁን «እኔ ራሴ ቀኔን አላውቅም፤ የታናሽ እኅቴም ልጅ ዓመት አልፎታል፤ ጊዜው አለፈ» ይሉ ይሆናል። አላለፈም። ዛሬ ማታ እናትዎን ወይም አክስትዎን ይጠይቁና እንደ ነገሩዎ ይጻፉ። ግን ግምቱን እንደ እውነት አድርገው አይጻፉ። ማን እንደ ነገረዎና መቼ እንደ ነገረዎ ይጨምሩበት፤ በኋላ ሌላ ሰው የተሻለ ነገር ቢያገኝ ያቃናዋል።

እኔም ባለፈው ጥምቀት ሰቆጣ ሄጄ በነበረ ጊዜ ያችን አንዲት ፎቶግራፍ ይዤ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥሁ። አራት ማዕዘን ሠራሁላት፤ ከእኅቴ ልጅ አልበም መጨረሻ ባለው ባዶ ገጽ ላይ አገባኋት፤ በአናቷም ትንሽ ሐረግ ሳልሁ። ከሥሯም እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «አጎትሽና አያትሽ። ደሴ ወይም ወልድያ። አጎትሽ የተወለደው ጥር 22 ቀን ሌሊት ነው፤ ዓመቱ 1976 ሳይሆን አይቀርም፤ አያትሽ እንደ ነገረችን»። እናቴ ምን እንደ ተጻፈ አንብብልኝ አለችኝና አነበብሁላት። ጥቂት አሰበችና፣ «ደሴ ነው አልሁህ እኮ፤ ወልድያ የሚለውን ሰርዘው» አለችኝ።

አልሰረዝሁትም። አክስቴ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች።